የደከመ ልብ ይተኛ ወይስ ይራመድ? የ250 ዓመት ክርክር

አክስቴ የልብ ድካም እንዳለባት የተነገራት እኔ የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ ቤታችን ሁለት ሕግ ወጣ። አንደኛው «አንቺ ብቻ ጋደም በይ፣ እኛ አለንልሽ» የሚል ነበር። ተነሥታ ውሃ እንኳ እንዳትቀዳ ተከለከለች። ሁለተኛውን ያወጣችው እሷው ራሷ ናት። ከጥቂት ወራት በኋላ የእግሯ እብጠት ጠፍቶ፣ ትንፋሿ ተስተካክሎ ሲሻላት «ከዳንኩ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?» አለችና መድኃኒቱን ተወችው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ተመልሳ ሆስፒታል ገባች።

ይህን የምነግራችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የመጀመሪያውን ሕግ ያወጣነው በፍቅር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የማንኛውም የተሻለው ሰው ሐሳብ ነው። ቆይቼ የልብ ድካም ሕክምናን ታሪክ ማንበብ ስጀምር ግን የገረመኝ ነገር አለ። እኛ ቤት የተነሡት ጥያቄዎች ታላላቅ ሐኪሞች ለዘመናት የተከራከሩባቸው፣ ደጋግመውም የተሳሳቱባቸው ናቸው። የደከመ ልብ ይረፍ ወይስ ይሥራ? የሚረዳው መድኃኒቱ ነው ወይስ አኗኗሩ? እስቲ ክርክሩን ከመጀመሪያው አንሥተን እንከተለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድካም ማለት መቆም አይደለም

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። «የልብ ድካም» ሲባል ልብ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ልቡ ግን እየመታ ነው፤ ችግሩ አቅሙ ላይ ነው። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ነገሩን በፓምፕ ካላሰብኩት አይገባኝም። የአንድ ጤነኛ አዋቂ ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይገፋል። በ24 ሰዓት ስታባዙት 7,200 ሊትር ይሆናል። ውሃ ቀድቶ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ እንዲህ ልበል፦ ባለ 20 ሊትር 360 ጀሪካን፣ በየቀኑ!

የልብ ድካም ማለት ይህ ፓምፕ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መግፋት ሲያቅተው፣ ወይም መግፋት የሚችለው በውስጡ ያለው ግፊት ከልክ በላይ ጨምሮ ሲሆን ነው። ከፊት በኩል በቂ ደም ስለማይደርስ ሰውየው ቶሎ ይደክመዋል። ከኋላ በኩል ደግሞ ደም ስለሚጠራቀም ውሃው ወደ ሳንባና ወደ እግር ይሰርጋል። ለዚህ ነው ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ማታ ትራስ መደራረብ የሚጀምረው፣ የለመደው ጫማ የሚጠበው።

ይህ የሽማግሌዎች በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የደም ግፊትና የልብ የደም ስር መዘጋት በብዙ አገሮች ዋና መነሻዎች ናቸው። በአገራችን ግን የሩማቲክ የልብ በሽታም አለ። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው ይህ በሽታ የልብን በሮች እያበላሸ እናንተን የመሰሉ ወጣቶችን ለልብ ድካም ይዳርጋል።

የአንዲት አሮጊት ምስጢር

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ እንዲህ ያበጠ ሕመምተኛ ሲመጣ ሐኪሙ ደም ያፈሳል፣ አልቅት ይለጥፋል፣ ወይም ቆዳውን በስቶ ውሃውን ለማውጣት ይሞክራል። ከዚያ ወዲያ ብዙም የሚያደርገው አልነበረውም።

በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የቤተሰብ መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። መድኃኒቱን በምስጢር ይዘው የቆዩት በሽሮፕሻየር ግዛት የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሐኪሞች ያቃታቸውን እብጠት እሳቸው አንዳንዴ ያድኑ ነበር። ድብልቁ ውስጥ 20 ወይም ከዚያ በላይ ዓይነት ዕፀዋት ነበሩበት። ዊዘሪንግ የዕፀዋት ተመራማሪም ስለነበር ሥራውን የሚሠራው አንዱ ብቻ እንደሆነ ገመተ፤ እሱም ፎክስግሎቭ የሚባለው፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ነው።

ከዚያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ወዲያው አላወጀም። ለ10 ዓመት ያህል ቅጠሉን በሕመምተኞች ላይ ሞከረ። የትኛው የተክሉ ክፍል ይሻላል፣ መቼ ይቀጠፍ፣ እንዴት ይድረቅ፣ ምን ያህል ይሰጥ የሚለውን አንድ በአንድ መዘገበ። በ1785 ያሳተመው መጽሐፍ የ163 ሕመምተኞቹን ታሪክ ይዟል። የዳኑትን ብቻ መርጦ አላቀረበም፤ ያልተሳካላቸውም አሉበት። ቅጠሉ መርዝ መሆኑን ስላወቀ ነው እንዲህ የተጠነቀቀው። መጠኑ ሲያልፍ ያስታውካል፣ ነገሮችን ቢጫና አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል፣ የልብ ምትን እጅግ ያዘገያል፣ ይገድላልም። መድኃኒቱና መርዙ አንድ ቅጠል ናቸው፤ የሚለያቸው ልኩ ነው።

ከዚሁ የዕፀዋት ዘር በ1930 ዲጎክሲን የተባለው መድኃኒት ተለየ። በ1997፣ ማለትም ከዊዘሪንግ መጽሐፍ 212 ዓመት በኋላ፣ 6,800 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ውጤት ወጣ። ዲጎክሲን ሆስፒታል የሚመላለሰውን ሰው ቁጥር ቀንሷል፤ የሟቾችን ቁጥር ግን አልቀነሰም። አያችሁ፣ ለሁለት ክፍለ ዘመን «ይሠራል» የተባለ ነገር እንኳ በትክክል ምን እንደሚሠራ ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል።

ወተት፣ ጨውና ሜርኩሪ

አሁን ወደ አመጋገብ እንሂድ። በ1866 የሩሲያ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ፊሊፕ ካሬል አንድ እንግዳ ምግብ አስተዋወቀ፦ 200 ሚሊ ሊትር ወተት፣ በቀን አራት ጊዜ። ሌላ ምንም የለም። ብዙ ያበጡ ሕመምተኞች ሽንታቸው በዝቶ እብጠታቸው ጎደለ። ወተቱ የተለየ ኃይል ያለው መሰለ።

ዛሬ ሒሳቡን ብንሠራው ምስጢሩ ይገለጣል። በ800 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ ያለው ሶዲየም ወደ ጨው ሲቀየር 1 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ካሬል ሳያውቀው ያዘዘው ጨው መቀነስን ነበር። በ1903 ፈረንሳዊው ፈርናንድ ቪዳል በኩላሊት ሕመምተኞች ላይ ጨው ሲጨመር እብጠት እንደሚመጣ፣ ሲቀነስ እንደሚሄድ አሳየ።

ለምን ይሆን? ሰውነታችን የፈሳሹ ጨዋማነት እንዲለወጥ አይፈልግም። ሆስፒታል ውስጥ በደም ስር የሚሰጠው የጨው ውሃ በሊትር 9 ግራም ጨው አለው፤ ይህም ከደማችን ጨዋማነት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ኩላሊት ማስወጣት ያልቻለው እያንዳንዱ 9 ግራም ጨው 1 ሊትር ገደማ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። 1 ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን።

በ1920 አካባቢ ቪየና ውስጥ ለቂጥኝ የሚሰጥ አንድ የሜርኩሪ መድኃኒት ሕመምተኞችን በብዙ ሊትር እንደሚያሸና በአጋጣሚ ታየ። ሜርኩሪ መርዛማ ነው፤ ቢሆንም የተሻለ ስላልነበረ ለአሥርት ዓመታት ለልብ ሕመምተኞች ተሰጠ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ክሎሮታያዛይድ የተባለው የሚዋጥ ኪኒን መጣ፤ በ1960ዎቹ ደግሞ እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት ፉሮሴማይድ ተከተለ። እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ጨው እንዲያስወጣ ያስገድዳሉ። እንግዲህ ጨው መቀነሱም ኪኒኑም የሚሠሩት በአንድ ሒሳብ ላይ ነው፤ አንዱ ገቢውን ይቀንሳል፣ ሌላው ወጪውን ይጨምራል።

አልጋው

ወደ አክስቴ አልጋ ልመልሳችሁ። «የደከመ ፓምፕ ከሆነ አሳርፉት» የሚለው ሐሳብ ለማንም ትክክል ይመስላል። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ያመኑት ይህንኑ ነው። በ1960ዎቹ በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ጆርጅ በርች የተባለ ሐኪም ልባቸው የሰፋ ሕመምተኞችን ለወራት አልጋ ላይ ያስተኛ ነበር። ደግሞም ሐሳቡ ጭራሽ መሠረት የለውም አይባልም። ሰው ሲተኛ የእግሩ እብጠት ይጎድላል፣ ሽንቱም ይጨምራል። በሽታው በጠናበት ሰዓት ጥቂት ቀን ማረፍ ዛሬም አለ። ችግሩ ቀኑ ወር፣ ወሩ ኑሮ ሲሆን ነው።

ተቃራኒው ድምፅ ግን ቀድሞ ነበር። በ1854 የደብሊኑ ሐኪም ዊልያም ስቶክስ ለአንዳንድ የልብ ሕመምተኞች ቀስ በቀስ የሚጨምር የእግር ጉዞን መከረ። በ1880ዎቹ የሙኒኩ ማክስ ዮሴፍ ኧርተል ሕመምተኞቹ ፈሳሽ እንዲቀንሱና ዳገታቸው በደረጃ በተለካ መንገዶች ላይ እንዲራመዱ ያደርግ ነበር። በ1952 ደግሞ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ድንገተኛ የልብ ሕመም የያዛቸውን 81 ሰዎች ከአልጋ አንሥተው ወንበር ላይ ማስቀመጣቸውን ጻፉ። ዛሬ ወንበር ላይ መቀመጥ ምን ያስደንቃል? በዚያን ዘመን ግን ድፍረት ነበር።

አልጋው ራሱ የተፈተነው በ1966 ዳላስ ከተማ ነው። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት ተኙ። ሲነሡ ሰውነታቸው ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው እንደገና ለኳቸው። ውጤቱን ገምቱ! የሦስት ሳምንት አልጋ ያደረሰው ጉዳት የ30 ዓመት እርጅና ካደረሰው ይበልጥ ነበር።

ጤነኛ ወጣትን ይህን ያህል ካደከመው፣ ቀድሞውኑ የደከመን ሰው ምን ያደርገው ይሆን?

ተሳስቶ የሚጮህ ማንቂያ

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ልብ ድካም ያለበት ሰው ውሃ ሞልቶት ሳለ ኩላሊቱ ለምን ውሃ ያጠራቅማል?

የኔ ሙያ መልሱን ይወደዋል። አንገታችን ላይ ባሉ ትልልቅ የደም ስሮችና በኩላሊት ውስጥ ግፊት የሚለኩ ዳሳሾች አሉ። ግፊት ወረደ ሲባሉ ዳሳሾቹ የሚያውቁት መውረዱን ብቻ ነው፤ ደም ፈስሶ ይሁን ፓምፑ ደክሞ አይለዩም። በሰው ልጅ ረጅም ታሪክ ደግሞ ግፊት በድንገት የሚወርደው በአብዛኛው ሰው ሲቆስል ወይም ውሃ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ሰውነት የድንገተኛ ጊዜ ትእዛዝ ያስተላልፋል፦ አድሬናሊን ይለቀቅ፣ ልብ ይፍጠን፣ የደም ስር ይጥበብ፣ ጨውና ውሃ ይያዝ። ለቆሰለ ሰው ይህ ሕይወት ያድናል። ፓምፑ ለደከመ ሰው ግን ተጨማሪ ውሃና ጠባብ ቧንቧ ማለት ተጨማሪ ሸክም ነው። ልብ ይበልጥ ይደክማል፣ ግፊት ይበልጥ ይወርዳል፣ ማንቂያውም ይበልጥ ይጮኻል። ምህንድስና ክፍል ውስጥ ይህን ራሱን የሚያባብስ ዑደት እንለዋለን።

ዑደቱን መቁረጥ እንደሚቻል በ1987 ታየ። በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ በጠና የታመሙ 253 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ ከነበራቸው ሕክምና በተጨማሪ ግማሾቹ ኢናላፕሪል ተሰጣቸው፤ ይህ መድኃኒት የደም ስር የሚያጠበውንና ጨው የሚያስይዘውን ትእዛዝ ያዳክማል። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካላገኙት ከ100ው 44ቱ ሲሞቱ፣ ካገኙት ከ100ው 26ቱ ሞቱ።

የአድሬናሊኑ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች የልብን ምት ስለሚያዘገዩና ጉልበቱን ስለሚቀንሱ ለልብ ድካም ክልክል ነበሩ። በ1975 የስዊድኑ ፊን ቫግስታይንና የጎተንበርግ ባልደረቦቹ ለ7 ሕመምተኞች በጥንቃቄ ሰጥተዋቸው እንደተሻላቸው ጻፉ። የሚያምናቸው ጥቂት ነበር። በ1999 ግን 2,647 ሰዎች የተሳተፉበት የቢሶፕሮሎል ሙከራ ጥቅሙ ጎልቶ ስለታየ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆመ፤ የሞት መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ቀንሶ ነበር። ቁልፉ እንደ ዊዘሪንግ ዘመን ልኩ ነው፤ በጣም ትንሽ ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨምራል። እነዚህ ውጤቶች የተገኙት በተለይ የመጨመቅ አቅሙ በቀነሰ ልብ ላይ መሆኑንም ልብ በሉ።

ከኪኒኑ ጋር የሚሄድ እግር

አልጋው ጎጂ መሆኑ ታወቀ፣ ማንቂያውም ታወቀ። ታዲያ የልብ ሕመምተኛ ይራመድ? በ1980ዎቹ ሐኪሞች አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋሉ። የልባቸው አቅም እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ገበያ ደርሶ ሲመለስ ሌላው በር ላይ ይደክመዋል። ልዩነቱ ከልብ ውጪ ነበር። በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲና በእንግሊዙ ኦክስፎርድ የተደረጉ አነስተኛ ሙከራዎች ሕመምተኞች ለሳምንታት ከሠለጠኑ በኋላ አቅማቸው እንደጨመረ አሳዩ። የለውጡ ትልቅ ክፍል የመጣው ከእግር ጡንቻ ነው። የሠለጠነ ጡንቻ ከሚደርሰው ጥቂት ደም ብዙ ኦክስጅን መውሰድ ይችላል። ፓምፑን ባትቀይሩትም የሚቀበለውን ጫፍ አሻሻላችሁ ማለት ነው።

በ2009 የትልቁ ሙከራ ውጤት ወጣ፦ 2,331 ሕመምተኞች፣ ሦስት አገሮች። ከሁሉ በላይ ልትይዙት የሚገባው ነገር ቢኖር ተሳታፊዎቹ በሙሉ ለማለት ይቻላል መድኃኒታቸውን እየወሰዱ መሆኑን ነው። ስፖርቱ የተፈተነው በመድኃኒት ላይ ተጨምሮ እንጂ በመድኃኒት ፈንታ አይደለም። ውጤቱ ተአምር አልነበረም። ስፖርቱ አደጋ እንደሌለው ታየ፣ የኑሮ ስሜታቸው ተሻሻለ፤ በሞትና በሆስፒታል መግባት ላይ ግን ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነበር። ብዙዎቹ የታቀደላቸውን ያህል እንዳልሠሩም መታወቅ አለበት።

የአኗኗር ምክርም እንደ ኪኒን ሁሉ ይፈተናል። በ2022 በስድስት አገሮች 806 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ጨውን እጅግ ዝቅ ማድረግ ሞትንና ሆስፒታል መግባትን በግልጽ እንደማይቀንስ አገኘ፤ የሕመምተኞቹ ስሜት ግን በመጠኑ ተሻሽሏል። በ2025 በኔዘርላንድ 504 ሰዎች ላይ የተደረገው ደግሞ በሽታቸው የተረጋጋ ሕመምተኞችን በቀን በ1.5 ሊትር ፈሳሽ መወሰን ከጥማት በቀር ያን ያህል ለውጥ እንደማያመጣ አሳየ። ይህ ማለት ጨው እንደ ልብ ይበላ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ሙከራው የሚነግረን ከዚያ በታች እየወረዱ ራስን ማሰቃየት ብዙ እንደማይጨምር ነው።

«ከዳንኩ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል?»

የአክስቴ ጥያቄ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ለንደን ውስጥ የሚገኙ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ልባቸው ሰፍቶና ደክሞ የነበሩ፣ በሕክምና ግን አገግመው መለኪያው ሁሉ ጤነኛ የሚላቸውን 51 ሰዎች መረጡ። 25ቱ በቅርብ ክትትል መድኃኒታቸውን ቀስ በቀስ አቆሙ፣ 26ቱ ቀጠሉ። በስድስት ወር ውስጥ ካቆሙት 11ዱ በሽታው ተመለሰባቸው። ከቀጠሉት ግን አንድም ሰው አልተመለሰበትም።

ውጤቱ የታተመው በ2019 ነው። ሳነበው አክስቴ ትዝ አለችኝ። መዳኗ የመድኃኒቱ ሥራ ነበር፤ ማንቂያው ዝም ያለው አፉ ስለተያዘ እንጂ ስለተረሳ አልነበረም።

ዛሬ ቤታችን

አክስቴ ዛሬ በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ሚዛን ላይ ትወጣለች። ያቺን «1 ሊትር 1 ኪሎ» ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረች ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ እግሯ እስኪያብጥ ሳትጠብቅ ሐኪሟ ጋ ትደውላለች። ሚዛኑ የሷ ዳሳሽ ሆኗል።

ጨው መቀነሱ እኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮውም እንዲሁ፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና። በአንዳንድ አካባቢ ቡናውም በጨው ነው። እናቴ አሁን በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ታስፈጫለች፤ የፈለገ ከገበታው ላይ ይጨምራል። «የጨው ምትክ» እየተባሉ የሚሸጡት ብዙዎቹ ፖታሲየም ስላላቸው እንደ ኢናላፕሪል ካሉ መድኃኒቶች ጋር አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሐኪም ሳይጠየቅ አይገዙም። ጾም ሲመጣም ኪኒኑ በስንት ሰዓት ይወሰድ የሚለውን አስቀድማ ትጠይቃለች እንጂ በራሷ አትዘለውም።

እግር መንገዱንም የጀመረችው ሐኪሟ ከፈቀደላት በኋላ ነው። መጀመሪያ ከበር እስከ ግቢው ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ሱቁ፣ አሁን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ። ልኩን የምታውቅበት ዘዴ ቀላል ነው፤ እየተራመደች ማውራት ከቻለች ትቀጥላለች፣ ካቃታት ትቀንሳለች። አብሯት የሚሄድ ሰው የሚያስፈልጋትም ለዚህ ነው።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ ውሃ ልቅዳልሽ ከማለት ይልቅ «ነይ አብረን እንውጣ» በሏት። ከመውጣታችሁ በፊት ግን የጠዋቱን ኪኒን መውሰዷን ጠይቁ።